ስም ትቶ ማለፍ ወይስ ዝም ብሎ መኖር? (ከሚስቴ ጋር ያልተስማማንበት)

የቢቸና መምህር
ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አያቴ ባለፈው ታኅሣሥ በ91 ዓመቱ አረፈ። እራቱን በልቶ፣ ለቀፎዎቹ ጭስ የሚሆን ኩበት አዘጋጅቶ ተኛ፣ በቃ በዛው ቀረ። እድሜውን ሙሉ አርሶ፣ ንብ አንብቶ፣ ከሰው ሳይጣላ የኖረ ሰውዬ ነው። አንዴ ብቻ ማርቆስ ድረስ ሄዶ ሦስት ቀን አደረና «ውሃው አልተስማማኝም» ብሎ ተመለሰ፣ ሁለተኛ ከቀዬው አልወጣም።

ተዝካሩ ላይ ዳስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው የአያቴን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ዘጠኝ ድረስ ቆጠሩልኝ። እኛ ዲግሪ የያዝነው የልጅ ልጆች አራት ላይ ቆምን። ከየት አወቁት ስላቸው ሳቁብኝ። «ድሮ ካልቆጠርክ መሬት የለህም» አሉኝ። መጀመሪያ መሬቱን የያዘው ሰው ዋና አባት ይባላል፣ ከሱ በታች ርስቱ የተከፈለባቸው ልጆቹ ምንዝር አባቶች ናቸው፣ አንተ ድርሻህን ስትጠይቅ ፈጁ (የርስቱን ድርሻ የሚያከፋፍለው ሰው) ፊት ቆመህ ከዋና አባት ጀምረህ እስከራስህ አንድ ሰው ሳትዘል ትወርዳለህ፣ ከዘለልክ ባላጋራህ ይስቃል አንተም ባዶ እጅህን ትገባለህ። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ይሄ ሁሉ ቆጠራ የሚፈልገው ጠፋ። ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፦ «ከ67 ወዲህ አባቶቻችን ሥራ ፈቱ።»

ይቺ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ስልኬን ይዤ በየገጠሩ ሽማግሌ ፍለጋ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቀዳሁትን ላፕቶፕ ላይ መጻፍ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ፣ ጠዋት 12 ተነስቼ ክላስ። እስካሁን 14 ሰው ቀድቻለሁ፣ ሦስቱ «ሌላ ቀን ተመለስ የቀረውን እነግርሃለሁ» ብለውኝ ሳልመለስ ሞቱብኝ።

ያለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ዞረብኝና ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ክሊኒክ ሲለኩኝ ደም ግፊቴ 165 በ105 ነው። ሚስቴ ምን አለችኝ «የሰው አያት ቆጥረህ ስትጨርስ ልጆችህን ማን ይቆጥራቸዋል?» እኔም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብዬ ተረትኩባት። «መቃብሩን እኮ ነው የማልፈልገው!» ብላኝ ወጣች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቢቸና ነው የምኖረው፣ የበላይ ዘለቀ አገር ነው። እሱ ገና በ30ዎቹ ሄደ ስሙ ግን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሳይቀር አለ። አያቴ 91 ዓመት ኖረ፣ ከሁለት ቀበሌ ወዲያ ስሙን የሚያውቅ የለም። ማንኛቸው ተጠቀሙ? እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?

ጮቄ ነፋስ
ይሄማ ጥያቄም አይደለም ወንድሜ። ስም ነዋ። ላም እንኳ ብትሞት ቆዳዋ ከበሮ ይሆናል፣ ሰው ሆኖ 91 ዓመት በልቶ ጠጥቶ ዝም ብሎ መሄድ ምንድነው (አያትህን ነፍስ ይማር፣ እሱን ማለቴ አይደለም)

ደግሞ ሒሳቡን አስላው። አያትህ በ91 ካረፈ ጣልያን በ1928 ሲገባ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር ማለት ነው። ያን አምስት ዓመት እነ አባ ኮስትር በላይ በየገደሉ ባያድሩ አያትህ የት ቁጭ ብሎ ነው ንብ የሚያነባው? የሱን ረጅም እድሜ የከፈሉለት አጭር እድሜ የኖሩት ናቸው። እና ጻፍ፣ አትተኛ።

ጀበና
ሰውየው ግፊት አለኝ ሲል አትተኛ የሚል ሐኪም ዛሬ አየሁ 😂

እናት ነኝ
ጮቄ ልጄ ስለ በላይ የተናገርከው ግማሹ ትክክል ነው ግማሹን ግን ሰው ሁሉ እንዳንተ እያጣመመ ነው የሚያወራው። በላይ ለስም ሲል ሞቶ አይደለም። ጣልያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በሕይወት ወጣ እኮ! ከዛ ደጃዝማችነት ተሰጠው፣ ቢቸናን ተሾመ፣ ቤቱ ገባ። ሊኖር ነበር የፈለገው። ከመንግሥት ጋር ተጣላና ተከሶ ታሰረ፣ ከእስር ቤት ሊያመልጥም ሞከረ፣ ተይዞ በ1937 ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር ተሰቀለ፣ ጣልያን ከወጣ ገና አራት ዓመት ሳይሞላ። ሊያመልጥ የሞከረ ሰው መኖር ይፈልጋል። አጭር እድሜውን እሱ አልመረጠም፣ ሌላ ሰው ነው የመረጠለት። እናንተ ቁጭ ብላችሁ «እሱ ስምን መረጠ» ስትሉ ይገርመኛል።

እናቱንም ጠይቁ እስኪ። እናት ብትጠየቅ መንገድ ይሰየምለት ትላለች ወይስ ገብቶ እራቱን ይብላ ትላለች?

ጮቄ ነፋስ
እሺ እማማ ይሄን ተቀብያለሁ። ግን ጫካ ሲገባ እንደሚሞት እያወቀ ነው የገባው፣ እሱን ማንም አልመረጠለትም።

እናት ነኝ
እሱስ ልክ ነህ።

ማርቆሴ
ለምንድነው ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ የሚመስላችሁ? የኛን አገር ሰው ሐዲስ ዓለማየሁን እዩ። በ1902 ተወለደ በ1996 አረፈ፣ 94 ዓመት! ከነ ራስ እምሩ ጋር ዘምቶ ሽሬ ግንባር ተዋግቷል፣ ተማርኮ ጣልያን አገር ታስሯል። እንግዲህ እዛ ሽሬ ላይ አንድ ጥይት አግኝታው ቢሆን ኖሮ አንድ ያልታወቀ ጀግና ይሆን ነበር፣ ነፍስ ይማር ተብሎ አለቀ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው፣ ሰውየው 56 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የማርቆስ ልጅ ሁሉ ደረቱን የሚነፋበት ሥራ የመጣው ብዙ ሰው ጡረታ በሚያስብበት እድሜ ነው።

ስምም እድሜ ይፈልጋል ለማለት ነው። መምህር አንተ ደግሞ ስንት ዓመትህ ነው? 40 አልሞላህም መሰለኝ። ተኛ ወንድሜ፣ ገና ነህ።

የቢቸና መምህር
38። ግን ማርቆሴ ልዩነት አለው እኮ፣ ሐዲስ የጻፈው ከራሱ ጭንቅላት ነው፣ ጭንቅላቱ እስከኖረ ሥራው ይጠብቀዋል። እኔ የምፈልገው ነገር ያለው 80 እና 90 ዓመት በሞላቸው ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። እኔ ተኝቼ ባድር እነሱ አይጠብቁኝም። ሦስቱን ነገርኳችሁ አይደል።

ከቅኔ ቤት የኮበለለ
አንብቤ ዝም ብዬ ልወጣ ነበር አልቻልኩም።

ዋሸራ 4 ዓመት ደበሎ ለብሼ ቅኔ ተምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ ነኝ፣ አሁን ማርቆስ ባጃጅ ነው የምነዳው። የኔታችን አንድ ነገር ነበራቸው። በዓል ሲሆን መወድስ ይቀኛሉ፣ ስምንት ቤት፣ ሰምና ወርቁ እንደ ቅቤና ማር ተዋሕዶ፣ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፣ የገባው ያለቅሳል፣ ያልገባው እንደኔ አብሮ ይጮሃል። ከዛ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት በዛው በዓል ያንኑ ቅኔ ቢደግሙት ነውር ነው። ቅኔ ለዕለቱ ነው፣ በየጊዜው አዲስ ነው የሚፈልገው። እና እኚህ ሰው 50 ዓመት ምናምን እንዲህ ሲያደርጉ ኖሩ ማለት ነው፣ ስንት መቶ ቅኔ፣ ስንት ሺህ፣ ሁሉም ነፋስ ወሰደው።

አንድ ማታ ነገራ ላይ፣ ማለት ቀን ጫካ ውስጥ የቆጠርነውን ቅኔ ማታ እሳቸው ፊት የምንናገርበት ሰዓት ነው፣ «የኔታ ለምን አይጻፍም?» አልኳቸው። «የትናንቱን እንጀራ ዛሬ ልብላ እንዴ?» አሉኝ። ለሳቸው ቅኔው የሚቀር ነገር አይደለም። የሚቀረው ተማሪው ነው። እኛ ቤት ሰው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው፣ እኔ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ ተማረ እየተባለ ወደላይ ይቆጠራል፣ ልክ እንደ ርስታችሁ። ከላይ ሄዶ ሄዶ የጥንቱ የቅኔ ሊቅ ተዋናይ ዘጎንጅ ጋ ይደርሳል የሚሉ አሉ። የተዋናይ ስም እስከዛሬ አለ፣ ሰውየው ግን ተረት ሆኗል፣ ምን እንደሚበላ ምን እንደሚያስቀው ማን ያውቃል? ስሙ ቀረ ሰውየው ጠፋ።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። የኔታ አርፈዋል። ከዛ ሁሉ ቅኔያቸው በቃሌ የቀረኝ አንድ ጉባኤ ቃና እንኳ ሙሉ አይደለም፣ ሁለት ቤት ናት እኮ፣ አንዷን ቤት ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሁለተኛዋ ባጃጅ እየነዳሁ ትመጣለች ትመጣለች ትጠፋለች። ይቆጨኛል። እሳቸው አልቆጫቸውም እኔ ነኝ የሚቆጨኝ። ስለዚ መምህር መቅዳትህን አትተው፣ ግን ቀን ቅዳ፣ ማታ ተኛ።

ጀበና
ይሄን ኮሜንት ሦስቴ አነበብኩት። ባጃጅህ ላይ ተሳፍሬ ብሆን ሒሳብ እጥፍ እከፍል ነበር

ከቅኔ ቤት የኮበለለ
😂 ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልላክ?

ሲስተር ባሕር ዳር
ፍልስፍናውን ለናንተ ትቼ ስለ 165/105 ላውራ። ከ140 በ90 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፣ ያንተ ከዛም አልፏል። ብዙ ሰው «ደህና ነኝ ምንም አይሰማኝም» ይላል፣ አይሰማም እኮ፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ሳይሰማ ኩላሊት ይጎዳል፣ ልብ ይጎዳል፣ ሳይሰማ ቆይቶ አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል፣ ከዛ ሰውየው ይተርፋል ግን አፉ ተሳስሮ ወይ አንድ እጁ አልታዘዝ ብሎ። በዛ እጅ ምን ትጽፋለህ? በዛ አፍ ምን ትጠይቃለህ?

አንድ ቀን የተለካ ብቻውን አይበቃም፣ በሌላ ቀን አርፈህ ተቀምጠህ ደግመህ ተለካ። መድኃኒት ከታዘዘልህ «ተሻለኝ» ብለህ አታቋርጥ፣ የኛ ሰው የሚሞተው እዚች ጋ ነው። ጨው ቀንስ፣ የወጡን ብቻ ሳይሆን የሚጥሚጣውንም። እንቅልፍ ደግሞ እንደ መድኃኒት ቁጠረው።

ዋርድ ውስጥ ስንት ሰው አያለሁ፣ «ሰው ያስታውሰኝ ይሆን» ብሎ የሚጨነቅ አላጋጠመኝም። በሩን ነው የሚያዩት፣ ማን ገባ እያሉ።

ሥነ ጽሑፍ ተማሪ
ይሄ ጥያቄ ግሪኮችም ጋ አለ። አኪሊስ የሚባለው ጀግናቸው እናቱ ሁለት ዕጣ እንዳለው ነግራዋለች፣ ትሮይ ቀርቶ ከተዋጋ ቶሎ ይሞታል ስሙ ግን አይጠፋም፣ አገሩ ከተመለሰ ስም የለም እድሜው ግን ይረዝማል። ቀረ፣ ሞተ፣ ስሙም ይሄው ቢቸና ደረሰ። ግን ሰው የማያወራው ነገር ሆሜር በሌላኛው ሥራው ሲኦል ውስጥ ያመጣዋል፣ ኦዲሴዎስ «አንተማ እዚህም ንጉሥ ነህ» ሲለው፣ ተወኝ፣ የሙታን ሁሉ ንጉሥ ከምሆን መሬት ለሌለው ድሃ ተቀጥሬ ባርስ ይሻለኝ ነበር ነው መልሱ።

ጀበና
ርስት ለሌለው ሰው ቅጥር አራሽ?? ጎጃም ውስጥ ከዚህ በታች ደረጃ የለም። ሰውየው የምር መሮታል

ሞጣ ቀራንዮ
እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬታችን ሊለካ ነው ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው የሞጣ የቢቸና ገበሬ ሁሉ ተነሳ፣ ጦር ተላከ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ በመጨረሻ ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ። የመሪዎቹን ስም ከናንተ ውስጥ የሚያውቅ አለ? እኔ ሞጣ ተወልጄ አንድም አላውቅም። ሥራው አለ ስሙ የለም። እንዲህም ይሆናል።

ጮቄ ነፋስ
ሁላችሁም «ስም ምን ያደርጋል» ወደሚለው ሄዳችኋል። እኔ ለምን እንደምጮህ ልንገራችሁ ከዛ ዝም እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ባድመ በ1991 ቀረ። 22 ዓመቱ ነበር። ረጅም እድሜም አላገኘም ስምም አላገኘም፣ ሁለቱንም። መንገድ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ አጥንቱ የት እንዳለ አናውቅም። ሰፈር ውስጥ አሁን ያሉት ልጆች «እናንተ ቤት ወንድ ልጅ አንድ ብቻ ነው አይደል» ይሉኛል። እናቴ አሁንም ለሱ ተብሎ የተገዛ ጋቢ አላት፣ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እና ስም ከንቱ ነው ስትሉ እኔ እናቴን ምን ልበላት?

እናት ነኝ
ወይኔ ልጄን። ነፍሱን ይማረው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማጽናናት ብዬ አይደለም እንዲሁ ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ሲጸለይ በላይም ቢሆን ደጃዝማች ተብሎ አይጠራም፣ በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። ሐውልት ያለውም የሌለውም እዛ ጋ እኩል ነው፣ ዲያቆኑ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ያያል፣ ስም ብቻ ነው ያለበት። የኔ እናት ሙት ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። የወንድምህን የክርስትና ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብሮ ይጠራል። በየዓመቱ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ።

ጮቄ ነፋስ
ልኬልዎታለሁ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር ባሕር ዳር
🙏

የቢቸና መምህር
ጮቄ ወንድሜ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም። ቀዬህ ወደኛ ቅርብ ከሆነ የናንተን ቤት ትውልድ እንድቆጥር ፍቀድልኝ፣ ወንድምህ በቦታው ይገባል፣ በታላቅነቱ፣ ከአንተ በፊት።

ጮቄ ነፋስ
እናቴን አናግር፣ እሷ ትቆጥርልሃለች። ቀን ግን ና፣ ማታ እንዳትመጣ ግፊትህ 😅

የቢቸና መምህር
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ምን ሆንክ ያላችሁኝ በውስጥ መስመር ብዙ ናችሁ፣ እዚሁ ልመልስ።

መድኃኒት ጀመርኩ፣ ትናንት 138 በ88 ነበር። ማታ 4 ሰዓት ላፕቶፑ ይዘጋል፣ የምዘጋው እኔ አይደለሁም። ሥራውን ደግሞ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በተንኩት፣ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ሽማግሌ በስልኩ ይቀዳል፣ ትርፍ ማርክ እሰጣቸዋለሁ። ግማሾቹ ቀልደውብኛል፣ አንዱ ጓደኛውን ሽማግሌ አስመስሎ ቀድቶ አመጣ (ድምፁን ለማጎርነን ሲታገል ይስል ነበር)፣ አንዲት ልጅ ግን በእናቷ በኩል 11 ትውልድ ይዛ መጣች፣ እኔ በስምንት ወር ያላገኘሁትን አንድ ምንዝር አባት በአንድ ቅዳሜ። ስንት ሌሊት በከንቱ እንደባከነ ሳስበው ተናደድኩም ደስ አለኝም።

አሁን ወደ ችግሩ። ሚስቴ ዝም ብላ ስታኮርፍ ቆይታ ባለፈው እሁድ ቡና እያፈላች ከተቀዳው አንዱን ከፈተችና ስታዳምጥ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የኛ ነው!» አለች። የሷን ቤት ደውላ ከአክስቷ ጠየቀች፣ እኔ የኔን ዘረጋሁ፣ ወደላይ ስንቆጥር ስንቆጥር ተገናኘን። ዘመድ ነን።

የጎጃም ልጆች የሚቀጥለውን ታውቃላችሁ፣ እስከ ሰባት ቤት መጋባት አይቻልም። ልጆች ወልደን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የቆጠርኩት፣ እሷ «ይኸው ቆጥረህ ቆጥረህ ልታፋታኝ ነው!» እያለች። በስምንተኛው ነው የተገናኘነው። በሁለቱም በኩል ስምንት። ለጥቂት!

አባቶቻችን ሥራ ፈቱ ያሉኝን ሽማግሌ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ሲስቁ ጥርሳቸው ሊወልቅ።

እናት ነኝ
እሰይ! እንኳን ተረፋችሁ 😂😂

ከቅኔ ቤት የኮበለለ
ይቺማ ቅኔ ናት፣ ይበል!

ጀበና
መምህር፣ ደግመህ ቆጥረኸዋል ግን? ሽማግሌው አንድ ሰው ጨምረው ከሆነ ሰባት ይሆናል እኮ

የቢቸና መምህር
አልደግምም። 4 ሰዓት ሆኗል፣ ላፕቶፑ ሊዘጋብኝ ነው። ደህና እደሩ።